ባለ አንድ ስለት መላጫን እንዴት እንገምግም? ከምላጩ አቀማመጥ እስከ ሦስተኛው ቀን አንገት

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛዬ ከአሜሪካ ሲመጣ አሮጌ የብረት መላጫ ይዞልኝ መጣ። ጄም ማይክሮማቲክ ይባላል። አሜሪካን ሴፍቲ ሬዘር የተባለው የብሩክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲሠራው የነበረ ነው። በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል። ከእጀታው ሥር ያለውን ማዞሪያ ሲያዞሩት ክዳኑ እንደ ሙዳይ ብድግ ብሎ ይከፈታል። የዚያኑ ማታ ተላጨሁበት። ጉንጬ ሙልጭ አለ። በማግስቱ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለዚህ መላጫ አወራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንገቴ ተቆጥቶ ነቃሁ። ከማንቁርቴ ግራና ቀኝ ትናንሽ እብጠቶች ተደርድረዋል። የሸሚዜ ኮሌታ በነካኝ ቁጥር ያቃጥለኛል።

መላጫው ዛሬም አለ፤ የምወደውም እሱን ነው። የተሳሳትኩት ሁለት ነገር ላይ ነበር። አንደኛ፣ አያያዙን አላወቅኩትም። ሁለተኛ፣ ቶሎ ፈረድኩ። መላጫ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚባለው ተላጭተው ፎጣ ባነሱበት ደቂቃ አይደለም። ፍርዱ ያለው በሦስተኛው ቀን አንገት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ባለ አንድ ስለት መላጫዎችን በዚህ መንገድ ፈትሻለሁ። እንዴት እንደፈተሽኳቸው አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ለምን ሦስተኛው ቀን?

የብዙዎቻችን ፂም ጥቅልል ነው። ጥቅልል ፀጉር በጣም ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ ሾሎ ይቀራል። ሲያድግ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቆዳውም እንደ እሾህ ቆጥሮ ይታገለዋል። እብጠቱ የዚህ ትግል ውጤት ነው። ፀጉሩ እስኪያድግ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በተላጫችሁ ማታ ምንም አይታይም።

ብዙ ስለት የተደረደረባቸው የፕላስቲክ መላጫዎች ይህን ያባብሱታል። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል። የኋለኛው ከመመለሱ በፊት ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። ሽፍታ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች አንድ ስለት የሚመከረው ለዚህ ነው። ግን አንድ ስለት መሆኑ ብቻውን አይበቃም። አሠራሩ መጥፎ የሆነ ባለ አንድ ስለት መላጫ ከፕላስቲኩ ብሶ ሊያገኛችሁ ይችላል።

አንድ የቃል ነገር ላጥራ። ስለት ያለውን ስስ ብረት ምላጭ እለዋለሁ፤ ምላጩን የሚይዘውን ዕቃ ደግሞ መላጫ። ሱቅ ስንሄድ ሁለቱን እንቀላቅላለን፤ እዚህ ግን መለየት አለብን። ግምገማው በሙሉ የሁለቱን ግንኙነት ማየት ነውና።

መጀመሪያ ስለ ምላጩ ጠይቁ

መላጫውን ከማየታችሁ በፊት «ምላጩን ከየት አገኛለሁ?» በሉ። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎ ገንዘቡን ያባክናል። ባለ አንድ ስለት መላጫዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምላጭ አይቀበሉም። እርስ በርስ የማይዋዋሱ አራት ዓይነት ምላጮች አሉ።

ጄም የሚባለው ወርዱ አጠር ያለ፣ ጀርባው ላይ ታጥፎ የተደረበ ብረት ያለው ነው። ውፍረቱ 0.23 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አርቲስት ክለብ የሚባለው ጃፓኖች ለፀጉር አስተካካዮች የሠሩት ረጅምና ቀጭን ምላጭ ነው፤ ውፍረቱ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቹ አዳዲስ ውድ መላጫዎች የሚቀበሉት ይኸኛውን ነው። ሦስተኛው ኢንጄክተር ነው። ጄኮብ ሺክ የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባወጣው ሐሳብ የተሠራ ሲሆን፣ ምላጩ ከማስቀመጫው በቀጥታ ወደ መላጫው ተገፍቶ ይገባል፤ ጣት አይነካውም።

አራተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፀጉር ቤት ስትቀመጡ አስተካካዩ ባለ ሁለት ስለቱን ምላጭ ከነወረቀቱ አጥፎ ቀጭ ያደርገዋል። ግማሹን መያዣው ላይ ይሰካል፤ ግማሹን ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጣል። አንዳንድ አዳዲስ ባለ አንድ ስለት መላጫዎች ይህንኑ ግማሽ ምላጭ ይቀበላሉ። ለምንኖርበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ባለ ሁለት ስለት ምላጭ የማይሸጥበት ሱቅ የለም። የጄም ምላጭ ግን የሰፈር ሱቅ ውስጥ አይገኝም። እኔ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ሰው አስመጣለሁ።

ውጭ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ምላጩን በእጅ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል። ወደ ጭነት ሻንጣው ያስገባው። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውጭ አገር የሕንፃ መሣሪያ መሸጫዎች ቀለም መፋቂያ የሚሆን ባለ አንድ ስለት ምላጭ ይሸጣሉ። ቁርጥ ጄምን ይመስላል፤ መላጫው ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል። ፊት ላይ ግን አይሆንም። ስለቱ ለቆዳ ተብሎ አልተሳለም፤ የሚያንሸራትት ልባስም የለውም። ዘመድ «ርካሽ አገኘሁልህ» ብሎ ሊያመጣላችሁ ስለሚችል ፎቶ ላኩለት።

ውፍረቱ ለምን ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

የተለመደው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። አርቲስት ክለብ ሁለት ጊዜ ተኩል ይወፍራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ስስ ብረት ላለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። ሁለት ተኩልን በሁለት ተኩል፣ ውጤቱን እንደገና በሁለት ተኩል አባዙት፤ ከ15 በላይ ይመጣል። ስለዚህ ወፍራሙ ምላጭ በእኩል ርዝመት ወጥቶ ቢቆም ከስሱ 15 ጊዜ ያህል ይበልጥ ይገትራል።

ይህን ፊታችሁ ላይ ትሰሙታላችሁ። ስስ ምላጭ ጠንካራ ፂም ሲገጥመው ጫፉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ፀጉር ይቆርጣል፣ አንዱን ይጎትታል። ወፍራሙ አይበገርም። ጭርር እያለ፣ ልክ ደረቅ ሣር እንደሚያጭዱ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ይሄዳል። አገጬ ላይ ያለው ፂም ሽቦ ነው የሚመስለው። ማይክሮማቲኩን የወደድኩት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

የማይበገር ምላጭ ግን ስህተትንም አይታገስም። ስሱ ምላጭ ሲጫኑት ትንሽ ይለምጥና ይምራችኋል። ወፍራሙ የተጫናችሁትን ሙሉ በሙሉ ቆዳችሁ ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ በወፍራም ምላጭ የሚሠራ መላጫ ሲገመገም የጭንቅላቱ አሠራር ከሌላው ጊዜ ይልቅ ወሳኝ ነው።

ጭንቅላቱን በዓይን መመርመር

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ ሥሩት። ጥሩ ብርሃን ያለበት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አዲስ ምላጭ አስገቡና ዝጉት። ጭንቅላቱን ከፊት ለፊት ወደ ዓይናችሁ አምጡት።

በመጀመሪያ የምታዩት የስለቱን መስመር ነው። ከስለቱ ፊት መከላከያው አለ። በአንዳንዱ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ በሌላው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። የስለቱ መስመርና የመከላከያው መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል ተራርቀው መሄድ አለባቸው። ብርሃኑ በመሃላቸው ሲያልፍ አንድ ወጥ የሆነ ቀጭን ክር መምሰል አለበት። በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ ምላጩ ተዛብቷል። አውጡና እንደገና አስገቡት። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ በሦስቱም ያው ከሆነ ጥፋቱ የመላጫው ነው።

በአሮጌዎቹ ጄሞች ላይ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከሁለት ጥቃቅን ጥርሶች ነው። ምላጩን ከግራና ከቀኝ ጫፉ ይዘው ወደፊት አልፎ እንዳይሄድ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። መላጫው አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ ከሆነ አንዱ ጥርስ ይጎብጣል። ያኔ ስለቱ በአንድ በኩል ወደፊት ይወጣል። እጃችሁ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጉንጫችሁ ብቻ ሁልጊዜ የሚቆረጥ ከሆነ እነዚህን ጥርሶች ተመልከቱ። ያገለገለ መላጫ ስትገዙ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ፎቶ የጥርሶቹን ነው።

ቀጥሎ ክፍተቱ ነው፤ በስለቱና በመከላከያው መሃል ያለው ርቀት። ሜካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች አሏቸው። የምታውቁት ሜካኒክ ካለ ተዋሱ። ከሌለ ወረቀት ይበቃል። የተለመደው የኮምፒውተር ማተሚያ ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጫጭን አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አምስቱን ደርባችሁ ከጎን በኩል በቀስታ አስገቡ። ከገባ ክፍተቱ ቢያንስ 0.5 ነው ማለት ነው። አንድ አንድ እየጨመራችሁ ሂዱ። ወረቀት ስለሚጨመቅ ልኩ ፍጹም አይደለም። ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋችሁን ነገር ይነግራችኋል፦ ግራውና ቀኙ እኩል መሆናቸውን።

በባለ ሁለት ስለቶቹ ዓለም በግምት ከ0.4 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያለው ለስላሳ ይባላል፤ ከ1 በላይ የሆነው ኃይለኛ። ይህን ቁጥር ግን በቀጥታ ወደ ባለ አንድ ስለት አትውሰዱት። ምላጩ ወፍራም ነው፤ የሚቆምበት ማዕዘንም ይለያል። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ «ይህ ለስላሳ ነው፣ ያ ኃይለኛ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ከክፍተቱ ይልቅ እኔ የማምነው ስለቱ ምን ያህል ብቅ እንዳለ ነው። አጭር ማስመሪያ አንሡ። ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙራችሁ፣ ማስመሪያውን በአንድ ጊዜ ክዳኑንም መከላከያውንም እንዲነካ አድርጋችሁ አስደግፉት። ማስመሪያውን ቆዳችሁ ነው ብላችሁ አስቡት። ስለቱ የት ነው ያለው? ማስመሪያውን ካልነካና ወደ ውስጥ ከሸሸ መላጫው ጨዋ ነው። ልክ ከነካው መካከለኛ ነው። ማስመሪያውን ገፍቶ ካስነሳው ስለቱ ከክዳኑም ከመከላከያውም ቀድሞ ቆዳችሁን ያገኛል ማለት ነው። አንገታቸው ለሚቆጣ ሰዎች እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን ነው። ሦስተኛውን መላጫ «ይህ ነው መላጫ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቀጥ ያለ ፂም ላለው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ጭንቅላቱ እንደተዘጋ ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በቀስታ አወዛውዙት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ምላጩ ጠብቆ አልተያዘም። የምላጭ ውፍረት ጥቅም የሚኖረው ጠብቆ ሲያዝ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መላጫ ፊታችሁን አትንኩ።

እጀታና ብረት

ስለ ብረቱ ብዙ አልናገርም። ርካሾቹ በዚንክ ቅይጥ ተሠርተው በላያቸው ልባስ የተደረገባቸው ናቸው። ልባሱ ከተላጠ ውስጡ ይበላል፤ በተለይ ጭንቅላቱና እጀታው የሚጠመዘዙበት ጥርስ። ናስ ለዘመናት ይኖራል፤ አሮጌዎቹ እስከ ዛሬ የቆዩት በሱ ነው። የማይዝግ ብረት ልባስ አይፈልግም፤ ግን ይወደዳል። አሉሚኒየም በጣም ቀላል ነው፤ ታይታኒየም በመሃል ነው። ዋጋው የሚነግራችሁ ብዙውን ጊዜ የብረቱን ዓይነት እንጂ የስለቱን አቀማመጥ አይደለም።

ክብደትን ግን በእጅ ፈትሹት። ምላጩን አውጡ። መላጫውን በአመልካች ጣታችሁ ላይ አጋድሙትና ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ ፈልጉ። ነጥቡ ወደ ጭንቅላቱ ከቀረበ መላጫው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ እናንተ መምራት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ነጥቡ ወደ እጀታው ጭራ ከሸሸ እጃችሁ ሳይታወቃችሁ መጫን ይጀምራል። ሽፍታ የሚጀምረው ከመጫን ነው።

ከዚያ እጃችሁን በሳሙና አርጥቡ። አሁንም ያለ ምላጭ ያዙትና ጉንጭ፣ አገጭ፣ አንገት ላይ ሙሉውን እንቅስቃሴ አድርጉ። እጀታው ላይ የተቀረጸው ሻካራ መስመር በደረቅ እጅ ሲያዩት ያምራል፤ እውነቱ የሚታየው ሳሙና ሲነካው ነው። እጀታው ጣታችሁ ውስጥ ከዞረ ወይም አንገት ስር ስትገቡ ክርናችሁ ከትከሻችሁ በላይ ለመውጣት ከተገደደ እጀታው ለእናንተ አልተሠራም።

አንድ ፈተና ደግሞ አረፋ ነው። ጭንቅላቱን በወፍራም የሳሙና አረፋ ሙሉትና ኩባያ ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አወዛውዙት። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ጥሩ ነው። ፂምና አረፋ ተጠቅጥቆ የሚቀርበት መላጫ በሁለተኛው እርምጃ መቁረጡን ያቆማል፤ እናንተም ሳይታወቃችሁ ትጫናላችሁ።

ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ አጽዱት

በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ በተለይ የክዳኑን ማጠፊያና ጥርሶቹ ሥር። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፉት። በረኪና አታስነኩት፤ ልባሱን ይበላዋል። አትቀቅሉትም።

የመጀመሪያው መላጨት፦ ማዕዘኑን በጆሮ ማግኘት

አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ የፂማችሁን አበቃቀል እወቁ። አንገት ላይ ፂም በአንድ አቅጣጫ አይበቅልም። ትንሽ ጥጥ ይዛችሁ አንገታችሁ ላይ በቀስታ ጎትቱ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ጎንም ሞክሩ። ጥጡ የሚያንሸራትትበት በአበቃቀሉ የሚሄደው ነው፤ የሚይዝበት ተቃራኒው ነው። እኔ ከማንቁርቴ በስተቀኝ ፂሜ ወደ ጎን እንደሚበቅል ያወቅኩት በጥጥ ነው። ለዓመታት ያንን ቦታ በተቃራኒው ስላጨው ነበር።

ፊታችሁን በሞቀ ውሃ ታጠቡ። ሳሙናውን ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ውሃ የጠጣ ፂም በቀላሉ ይቆረጣል።

አሁን ዋናው ነገር። እኔን ያበላሸኝ ይህ ነው። በፕላስቲክ መላጫ የለመደ እጅ እጀታውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ወደ ታች ዘቅዝቆ ይጎትታል። የፕላስቲኩ ጭንቅላት ስለሚዞር ማዕዘኑን ራሱ ያስተካክልለታል። የብረቱ አይዞርም። ማይክሮማቲክን እንዲያ ከያዛችሁት ስለቱ ቆሞ ቆዳውን ይፍቃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የክዳኑን ጠፍጣፋ ገጽ ጉንጫችሁ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኙት። እጀታው ከፊታችሁ ርቆ ወደ ውጭ ይቆማል። እንግዳ ይመስላል፤ ግን እንዲያ ነው። ማይክሮማቲክን ከዚህ ብዙ ሳታንቀሳቅሱ ወደ ታች ሳቡት፤ ይቆርጣል። ሌሎቹን መላጫዎች ደግሞ ከዚሁ ጀምራችሁ፣ አጫጭር እርምጃ እየወሰዳችሁ እጀታውን ጥቂት ጥቂት ዝቅ አድርጉት። መጀመሪያ ላይ ድምፅ የለም። አንድ ቦታ ላይ ጭርር ማለት ይጀምራል። እዚያ ቁሙ። ማዕዘናችሁ ያ ነው። ድምፁ ከጭርርታ ወደ ፍቅፍቅታ ከተለወጠ አልፋችሁታል።

ይህ ራሱ ግምገማ ነው። ጥሩ መላጫ ድምፁን በቀላሉ ይሰጣችኋል፤ እጃችሁ ትንሽ ቢሳሳትም ማዕዘኑ አይጠፋም። መጥፎው መላጫ የሚቆርጥበት ቦታ ጠባብ ነው። ትንሽ ከፍ ስታደርጉ ዝም ይላል፤ ትንሽ ዝቅ ስታደርጉ ይፍቃል። ጉንጭ ላይ ይህን መቆጣጠር ይቻላል። መንጋጋ አጥንት ላይ ቆዳው ሲታጠፍ ግን አይቻልም።

አትጫኑ። ቆዳችሁን ወጥራችሁ አትሳቡ፤ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ፀጉር ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። በአበቃቀሉ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ። ለመገምገም በምትላጩበት ሳምንት በተቃራኒ አቅጣጫ በጭራሽ አትሂዱ።

ከአፍንጫ በታች ያለው ቦታ የጭንቅላቱን መጠን ይነግራችኋል። የማይክሮማቲክ ጭንቅላት ትልቅ ነው፤ እዚያ ይቸገራል። አፍንጫዬን በጣቴ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ በአጫጭር እርምጃ ነው የምጨርሰው። መላጫውን በስለቱ መስመር ወደ ጎን እንዳታንሸራትቱት፤ ያ መላጨት ሳይሆን መቁረጥ ነው።

የሦስት ቀን ማስታወሻ

ስትጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡና የት የት እንደሚለበልባችሁ አስተውሉ። ፀጉር ቤት አልኮል ሲነፉባችሁ አንድ ቦታ ብቻ እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ። የሚያቃጥለው ቦታ ስለቱ ቆዳ የፋቀበት ነው። ያንን ጻፉ። ጉንጭ፣ መንጋጋ፣ ከአፍንጫ ሥር፣ የአንገት ቀኝ፣ የአንገት ግራ ብላችሁ አምስት ቦታ ክፈሉት።

በማግስቱ አትላጩ። በእጃችሁ ዳብሱና መቅላት ካለ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቁሙ፤ የመብራት ብርሃን ያታልላል። እብጠቶቹን ቦታ በቦታ ቁጠሩ። ቁጥሩ እንጂ «ደህና ነው» የሚል ቃል አይጠቅምም። ከዚያ እንደገና ተላጩ። ይህን አምስት ዙር አድርጉ። በሁለት ሳምንት ያልቃል።

በአምስቱ ዙር ሳሙናውን፣ የምላጩን ዓይነት፣ የውሃውን ሙቀት አትቀያይሩ። ከመላጫው ጋር ሌላ ነገር አብሮ ሲቀየር የትኛው ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልም። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ መላጫና አዲስ ክሬም በአንድ ቀን ጀምሬ፣ የክሬሙን ጥፋት መላጫው ላይ ጭኜ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ቆይቼ ክሬሙን ከሌላ መላጫ ጋር ስጠቀም ያው ሽፍታ መጣ።

ማስታወሻውን ስታነቡ እንዲህ አንብቡት። እብጠቱ በመጀመሪያው ዙር በዝቶ በየዙሩ እየቀነሰ ከሄደ እጃችሁ እየተማረ ነው፤ መላጫው ደህና ነው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ወደ ጥርሶቹና ወደ ክፍተቱ ተመለሱ። ጉንጭ ላይ ምንም ሳይኖር አንገት ላይ ብቻ ከሆነ አበቃቀሉን በጥጥ እንደገና ፈትሹ። በአምስቱም ዙር በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ስለቱ ለቆዳችሁ ከልክ በላይ ወጥቷል። መላጫውን አሳልፋችሁ ስጡ፤ ከሱ ጋር አትታገሉ።

እብጠቱ መግል ከያዘ ወይም ጠባሳ እየተወ ከሄደ መላጨቱን አቁማችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የእኔ ማይክሮማቲክ በመጀመሪያው ዙር አንገቴ ላይ አሥራ አራት እብጠት ነበረው። ክዳኑን አስተኝቼ መላጨት ከጀመርኩ በኋላ በአምስተኛው ዙር ሁለት ሆነ። ሁለቱም ያ ወደ ጎን የሚበቅለው ቦታ ላይ ናቸው። አሁን እዚያ ስደርስ እጄን አዙሬ ከጆሮዬ ወደ ማንቁርቴ አቅጣጫ ነው የምስበው።

ምላጩ ሲያልቅ

አንድን ምላጭ ስንት ጊዜ እንደምትላጩበት ፂማችሁ ይወስናል። እኔ የጄሙን አምስት ጊዜ እጠቀምበታለሁ። መጎተት ሲጀምር «አንዴ ልድገመው» አትበሉ። ለማንም አታውሱ፤ ከማንም አትዋሱ። በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ምላጭ ላይም ይቀመጣሉ።

ያለቀውን ምላጭ ፌስታል ውስጥ አትጣሉ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት እናቶችና ወጣቶች በባዶ እጃቸው ነው ፌስታሉን የሚያነሡት። እኔ የድልህ ቆርቆሮ ሳይከፈት ጎኑን በቢላ ሰንጥቄ፣ ድልሁን ጨምቄ አወጣና አጥቤ አደርቀዋለሁ። ስንጥቁ ምላጭ ያስገባል፤ ተመልሶ ግን አይወጣም። መታጠቢያ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ ከሁለት ዓመት በኋላም ግማሽ አልሞላም። ሲሞላ ስንጥቁን በፕላስተር አሽጌ፣ በላዩ «ምላጭ» ብዬ ጽፌ በእጃቸው አስረክባቸዋለሁ።